የዓርብ ድንች አልጫ

ዓርብ ማምሻውን እናት ሁለት ድስት የድንች አልጫ ሠራች፤ አንዱን በዘይት ለጿሚዎቹ፣ ሌላውን በቅቤ፣ ገና ለጾም ላልደረሰችው ልጇ ለኤልዳና። ድስቶቹን እንዳወረደች የነፍስ አባቷ ሳይታሰቡ ከተፍ አሉ። ተጣድፋ አቀረበችላቸው፤ ለኤልዳናም ጓዳ ውስጥ ከሌላው ድስት አወጣችላት።

አባ አንድ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሳያቋርጡ በሉ። «እጅሽ ይባረክ! ድንቹ አፍ ውስጥ ይሟሟል እኮ! በይ እስቲ አንድ ጭልፋ ጨምሪልኝ።»

ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ስትገባ ኤልዳና ሰሃኗን ገፋች። «እማዬ፣ የኔ ዛሬ አይጣፍጥም!»

እናት ቀመሰችው። ዘይት ነው። የነፍስ አባቷን ጾም ያስገደፈችን ሴት ማን ይፈታታል? ዝም ልበል ብላ አሰበች፤ አልሆነላትም። ጭልፋውን እንደያዘች ወጥታ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ! ድስት ተሳስቼ ነው። የበሉት ቅቤ አለበት!»

አባ እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ፤ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። እኔስ ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅሁት። ምናለ መጀመሪያ ጭልፋውን ጨምረሽልኝ ከዚያ ብትናዘዢ?»