የተራራው የመጀመሪያ ግልገል

ዴልመር የሞተ ውሻ መስሎት ጎንበስ ሲል፣ ሣሩ ውስጥ የተኛው ነገር ዓይኑን ገለጠ። ገና ተወልዶ እርጥበቱ ያልደረቀለት፣ ነጠብጣብ ያለበት የኤልክ ግልገል ነበር። ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን በኬንታኪ ተራሮች ታድኖ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የዴልመር አያት እንኳ በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ባለፈው የበረዶ ወራት የመንግሥት ሰዎች ኤልኮችን ከምዕራብ በመኪና ጭነው አምጥተው፣ የድንጋይ ከሰል ሲወጣበት በተራቆተው በዚህ ተራራ ላይ ሲለቋቸው፣ "ድንጋይ ሊበሉ ነው?" ብለው ከሳቁት አንዱ እሱ ነበር።

"ዴልመር!" ሚስቱ ኦማ ከመኪናው አጠገብ ድምፅዋን አፍና ጠራችው። "እናቲቱ መጣች። እንዳትሮጥ!"

"በዚህ ጉልበቴ ወዴት እሮጣለሁ፣ አንቺ ሴትዮ?"

እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ፈረስ የምታክለው እናት ዳገቱን በእርጋታ ወርዳ ከኋላው አናቱ ላይ ቆመች። በፊት እግሯ አንዴ ብትመታው አከርካሪው እንደሚሰበር ያውቃል። ትኩስ ትንፋሿ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ከዚያ እሱን እንደ ጉቶ ቆጥራ ግልገሏን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ግልገሉ ተነሳ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ፤ ደግሞ ሊወድቅ ሲል የዴልመር ትከሻ ላይ ተደገፈ። የግልገሉ ሙቀትና የትንሽ ልቡ ምት በሸሚዙ አልፎ ተሰማው። ግልገሉ እግሮቹ እስኪጸኑለት ድረስ እንደተደገፈው ቆየ፤ በመጨረሻም እናቱን ተከትሎ ከገላጣው ዳር ያለው ጫካ ውስጥ ገባ።

"ሄደዋል እኮ፣ ተነስ እንጂ!" አለች ኦማ እያለቀሰች።

"ቆይ" አላት፤ "ትከሻዬ ገና አልበረደም።"