ከወፍጮው ማዶ ያለው ምንጭ

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ዓመቱንና አንዳንዱን ንግግር ተሳስቼ ይሆናል፤ ስሞቹን ግን አልተሳሳትኩም።

ቬንዴሊን ክሮል ዛለ በሚባል ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የልደትና የሞት መዝጋቢ ነበር። ዕድሜውን የሌላ ሰው ስም ሲጽፍ ኖረ፤ የራሱን ስም የሚያስጠራለት ልጅ ግን አልነበረውም። እሁድ እሁድ ከመድኃኒት ቀማሚው ከአንሰልም ሁፕፌልድ ጋር ለጥናት የሚሆን ቀንድ አውጣ ሊለቅም ይወጣ ነበር። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙ በአንዲት ፍጥረት ላይ እንዲቀር።

ይህ ቀላል አልነበረም። ማንም ሰው ያገኘውን አዲስ ፍጥረት በራሱ ስም አይጠራም፤ ቢጠራ መሳቂያ ይሆናል። መጀመሪያ ጽፎ ያሳወቀ ሰው የሚደርሰው፣ ከፍጥረቱ ስም ኋላ ስሙ በትንሽ ፊደል መጠቀሱ ነው። ቀድሞ የታተመ ስም ደግሞ አይነሳም፤ ዘግይቶ የመጣው ይሰረዛል።

በግንቦት አንድ ቀን ክሮል ወደ መድኃኒት ቤቱ የኋላ ክፍል ሲገባ፣ ሁፕፌልድ የሚጽፈውን ወረቀት በጋዜጣ ሸፈነ።

«ምን ሸፈንክ?»

«የአማቴን ደብዳቤ።»

«አማትህ ከሞቱ አራት ዓመታቸው አይደለም እንዴ? እኔው ነኝ የመዘገብኳቸው።»

«እንግዲህ የቆየ ደብዳቤ ነዋ። ታገስ ጌታው፣ በመስከረም ታየዋለህ።»

በሚቀጥለው እሁድ ሁፕፌልድ እግሬን አሞኛል ብሎ ቀረ። ክሮል ብቻውን ወጣ። ከወፍጮው ማዶ፣ በኖራ ድንጋይ መካከል በሚፈልቀው ምንጭ ዳር፣ እግሩን ያመመው ሰው ተንበርክኮ ውሃውን በወንፊት ያጠልላል። ሁፕፌልድ ጨርሶ እስኪሄድ ክሮል ከዛፍ ጀርባ ተደበቀ። ከዚያ ወርዶ ድንጋዮቹን ገለበጠ። ከምስር የምታንስ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች ቀንድ አውጣ ጣቱ ላይ ተጣበቀች። በየትኛውም መጽሐፍ እንደሌለች ወዲያው አወቀ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ጭቃ ረግጠዋል። እንዴት ይደብቅበታል? ቅናት እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ አንድ ሕፃን ሲመዘግብ በሕፃኑ ስም ቦታ «ሁፕፌልድ» ብሎ ጻፈና ሰረዘው። በዚያ መዝገብ ላይ ሰርዞ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ደግሞ ክሮል የገዛ ሚስቱ ኦቲልዬ ገበያ ላይ ከሁፕፌልድ ጋር ስታንሾካሹክ አያት።

«ከሱ ጋር ምን ታወሩ ነበር?» አላት ምሳ ላይ።

«ስለ ፕሪም ኬክ።»

«መድኃኒት ቀማሚ ኬክ ምን አገባው?»

«አንተስ የሴት ወሬ ምን አገባህ? ብላ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

«እሷንም ከጎኑ አሰልፏታል» አለ ክሮል በልቡ። «የት የት እንደምለቅም እየነገረችው ነው።» በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ቀንድ አውጣዋ ጽፎ ጨረሰ። ስሟን በወፍጮው ምንጭ ሰየመና ለከተማው መጽሔት ላከ። በነሐሴ ታተመ።

ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ድልድይ ላይ ተገናኙ።

«አነበብኩት፤ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አለ ሁፕፌልድ።

«ሌላም ቀንድ አውጣ ሞልቷል፣ ወዳጄ።»

«ሞልቷል» አለና ባርኔጣውን አንስቶ አለፈ። ክሮል ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት እንቅልፍ ጠግቦ አደረ።

በመስከረም ክሮል መዝጋቢ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሞላውና የከተማው ምክር ቤት ምሳ ጋበዘው። የሁፕፌልድ ወንበር ባዶ ነበር። ኦቲልዬ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«አንሰልም ለዛሬ ብሎ ሲያዘጋጅ የከረመው ጽሑፍ ነው። ከእንግዲህ ማንም አያትመውም፣ አቃጥዪው ብሎኝ ነበር። እኔ አልቻልኩም።»

ስለ ክሮል የሰማሁት የመጨረሻ ወሬ የዚያን ቀኑ ነው። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ገለጠ።

ሁፕፌልድ ቀንድ አውጣዋን የሰየማት በቬንዴሊን ክሮል ስም ነበር።