አራት የደበዘዙ ፊደላት

ታላቅ ወንድሙ የመጀመሪያውን ቡጢ ሲያሳርፍ፣ የአስተማሪውን እጆች ወደ ኋላ ጠምዝዞ የያዘው ታናሹ ነበር። መነጽሩ ወደቀ። ታላቁ አይቶ፣ አስቦበት ረገጠው።

«ቃሉን ንገረኝና በእግርህ ትሄዳለህ» አለ።

በአባታቸው ወርቅ ቤት ወለል ላይ መስታወት ተበትኗል። ትናንት ማታ ታላቁ ድርሻዬን አሁኑኑ ካልሰጠኸኝ ብሎ በአባቱ ላይ መዶሻ አንስቶ ነበር፤ መዶሻው አባትየውን ስቶ የዕቃ ማሳያውን ሳጥን አደቀቀው። ታናሹ መሃል ገብቶ ወንድሙን እየጎተተ አወጣው። ጠዋት ሲመለሱ አባትየው የሉም። ቤታቸውም አላደሩም፤ ስልካቸውም ዝግ ነው። ሱቁ ውስጥ ያገኙት የአባታቸውን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ብቻ ነበር፤ መጋረጃውን ዘግቶ ስብርባሪ ይጠርጋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዳቦ፣ ከጠረጴዛው ሥር የሽማግሌው ጫማ አለ።

«ባዶ እግሩን ነው የፈረጠጠው» ብሎ ታላቁ ሳቀ። ከዳቦዎቹ አንዱን አንስቶ ገመጠ።

አባትየው በስተርጅና እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር። አሁን ግን የሚያስቅ አልሆነም። ከሱቁ ጀርባ ወርቁ የሚቀመጥበት፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ጠባብ ክፍል አለ። የብረት በሩ የሚከፈተው የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፉባቸውን ቁልፎች በመጫን ነው። ከበሩ በላይ መዳፍ የምታክል የአየር ማስገቢያ ወንፊት አለች። ከቁልፎቹ አራቱ ከመነካካት ብዛት ደብዝዘዋል፤ ኤል፣ አይ፣ ቪ እና ኢ። ከአራቱ የሚወጣው ቃል ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ደግሞ እስከ ነገ ድረስ በሩ አይሰማውም። ስልክ ቃላቱን ሁሉ በደረደረለት ነበር፤ ታላቁ ግን ከስልክ ይልቅ ጡጫውን ያምናል።

አስተማሪው ደሙን ዋጠ። ከዚያ አርባ ተማሪ ፊት የቆመ ይመስል ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ኢቭል። ክፉ ማለት ነው።»

ታላቁ ፊደላቱን ተጫነ። ቀይ መብራት በራ። ተመልሶ መጥቶ አፉን ሲመታው፣ ታናሹ የጥርሱን መሰበር በእጁ ላይ እስኪሰማው ድረስ ሰውዬው ተንቀጠቀጠ።

ታላቁ ደከመውና ሲጋራ ለኩሶ በሩን ተደገፈ። ጭሱን ወደ ላይ ለቀቀው።

«እዚያ ጋ አታጭስ» አለ አስተማሪው።

«ምነው፣ ወርቅ ያስላል እንዴ?»

ታናሹም ሳይወድ ፈገግ አለ። ታላቁ ሲጋራውን ጨርሶ መዶሻውን አነሳ፤ የአስተማሪውን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ እንዲዘረጋ ታናሹን አዘዘው። ታናሹ ዓይኑን ጨፍኖ ዘረጋ። ድምፁን ግን ከመስማት አላመለጠም።

«ቫይል» አለ አስተማሪው፣ አሁንም እየጮኸ። «ወራዳ ማለት ነው።»

ቀይ። ሁለተኛ ጣት።

«ቬይል። መሸፈኛ።»

ታላቁ፣ አስተማሪው በዚህኛው ከዋሸ ከእጁ የሚተርፍ ጣት እንደማይኖር ምሎ፣ አንድ በአንድ ተጫነ። ቀይ መብራቱ በራ፣ ከዚያ ሁሉም ቁልፍ ጠፋ። መዶሻውን በሩ ላይ ወረወረው፤ ብረቱ ጮኸ።

ወዲያው ግን ተረጋጋ። ከመንገዱ ማዶ አንድ በያጅ አለ፤ ብረት በጋዝ ይቆርጣል። ወርቁ ቢቀልጥም ወርቅ ነው አለ።

አስተማሪው ያኔ ነው በጉልበቱ የወደቀው። «እሳት አይሆንም። እለምንሃለሁ፣ ሌላውን ጣቴን ውሰድ፤ እሳት ግን አይሆንም።»

«አየኸው?» አለ ታላቁ ለወንድሙ። «ለጣቱ ያላለቀሰ ሰው ለወርቅ ሲያለቅስ።» በያጁን ሊጠራ ወጣ።

ታናሹ የአስተማሪውን እጅ ለቀቀ። ውኃ አመጣለት፤ በሸሚዙም ጣቶቹን ጠቀለለለት። አፍሮ ነበር፤ ከማፈሩም በላይ ተናዶ ነበር።

«መምህር፣ ወርቁ እኮ የእርስዎ አይደለም። ለምን ይህን ያህል?»

«አይደለም» አለ አስተማሪው። «አንተስ? የምትፈልገው ድርሻህን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ድርሻዬ ገደል ይግባ። አባዬ የት እንዳለ ይንገሩኝ። ትናንት ስወጣ ደረቱን ይዞ ነበር፤ ዞሬ እንኳ አላየሁትም። ይኑር ይሙት አላውቅም።»

አስተማሪው በአንድ ያላበጠ ዓይኑ ልጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የሱቁን በር ከውስጥ እንዲቀረቅር ነገረው። ታናሹ ቀረቀረ።

ሲመለስ አስተማሪውን እየዳኸ ወደ ብረት በሩ ተጠግቶ አገኘው። ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ ባለችው አቅም ጮኸ።

«ሊቭ።»

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለ ታናሹ። «እስከ ነገ አይሰማም እኮ። ደግሞስ ምን ማለት ነው?»

«ኑር።»

የብረት በሩ እጀታ ከውስጥ ዞረ።