የምሳ ሰዓት ቁጥሮች

ሚስትየው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከምትሠራበት የጠፈር ምልከታ ጣቢያ የልኬት ቁጥሮች ይዛለት ትመጣለች። ባልየው በሁለት ትራስ ተደግፎ ይጠብቃታል። ሠላሳ ዓመት የአስትሮይዶችን፣ የጠፈር አለቶችን፣ ምኅዋር ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ጉበቱ አልጋ ላይ ጥሎታል።

መጀመሪያ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚውለው። እህል አይቀምስም። «ሁሉም በሰላም ወጥቶ ሲገባ እኔ ብቻዬን ልሂድ?» አለ አንድ ቀን።

ወደ ምድር የሚመጣ አለት መታየቱን ስትነግረው ግን ቀና ብሎ እርሳስ ጠየቀ።

የመጀመሪያው ስሌት ምድርን የመምታት ዕድሉን ከመቶ አንድ አደረገው። በወሩ ከመቶ ዘጠኝ ሆነ። ትናንት ከመቶ ስልሳ ሁለት።

ዛሬም ወረቀቱን ሰጠችው። ዐይኗ ቀልቷል።

«ስታለቅሺ ነበር?»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

አሰላው፤ ከመቶ ሰማንያ ስምንት። ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ለእሷ ሲል እንዲወርድለት ተመኘ፤ አልወረደም። ውጭ ጎረቤቱ እያፏጨ አጥሩን ቀለም ይቀባል። ምስኪን፣ አልነገሩትም፣ አለ በልቡ።

ቁጥሮቹን እንደገና ሲያያቸው ግንባሩ ተቋጠረ።

«እነዚህ በጣም ያምራሉ» አለ። «አንዱ እንኳ ከመስመር ዝንፍ አላለም። መሣሪያ እንዲህ አድርጎ አይለካም። ነካክተሻቸዋል።»

ያመጣችለትን ሾርባ ማማሰል ጀመረች።

«እውነቱ ከዚህ የባሰ ነው አይደል? እንዳልደነግጥ ብለሽ ቀንሰሽልኛል።»

አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

ባልየው የቀረችውን ጉልበት አሰባስቦ እጇን ያዘ። «አይዞሽ፣ የኔ ዓለም። አብረን ነን። ማንም ለብቻው አይሄድም።»

ሾርባውን አጎረሰችው፤ ግማሽ ሳህን ጠጣ። ከዚያም እርሳሱን እንደጨበጠ እንቅልፍ ወሰደው። ዐይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቢሮ እንደገባች ከመሳቢያዋ ባዶ ወረቀት አወጣች።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» ሲል ጠየቃት ከጎኗ የሚቀመጠው ባልደረባዋ።

«እሁድን አያልፍም።»

የነገውን ቁጥር ከራሷ እያወጣች ስትጽፍ አያትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቱ እኮ ሳይነካን ካለፈ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው» አላት።