የሚጽፉበት እጅ

«እጅ!» እላለሁ።

ለንሳ ግራ እጇን ትዘረጋለች።

«ቀኝሽን። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ሕጉ የእኔ ነው። ለአንድ ስህተት አንድ ምት፣ በውሃ ጎማ፣ በሚጽፉበት እጅ ላይ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። አምና እዚሁ ጎጆ ከተማ፣ በዚህ ጸሎት ቤት አዳራሽ ካስጠናኋቸው አርባ ልጆች ያለፉት ሁለት ናቸው። ለንሳ ዘንድሮ ከሁሉም ትበልጣለች። ጥያቄ አሥራ አራትን የመሳት መብት የላትም።

«ቲቸር፣ ዛሬ በግራዋ ይሁንላት» ይላል ጉዩ ከኋላ ወንበር።

«ጠበቃ ሆንክ? የራስህን ስህተት ቆጥረህ ጨረስክ?»

ማንም አይስቅም። ሌላ ጊዜ ይስቁ ነበር። ለምን እንዳልሳቁ ለማሰብ ትዕግሥት የለኝም፤ ቀኝ እጇን ከሻርፗ ሥር ስቤ አወጣና እመታለሁ።

ጩኸቷ የሰው አይመስልም። ወለሉ ላይ ትወድቃለች። ሻርፑ ሲገለጥ አየዋለሁ፤ ሦስት ጣቶቿ አብጠው፣ ጠቁረው፣ በሸምበቆ ስንጥር ታስረዋል። የወጌሻ ሥራ ነው።

«ማነው?»

«ኤጄታ» ትላለች። ወንድሟ ነው። «ትናንት። እጄን መቃኑ ላይ ይዞ በሩን ዘጋብኝ።»

የመልስ ወረቀቷን አነሳለሁ። ስሌቱ ጠርዙ ላይ በተንጋደደ የግራ እጅ ጽሕፈት ተሠርቷል። ትክክል ነው። ያጠቆረችው ግን ከትክክለኛው ክብ ጎን ያለውን ሌላ ክብ ነው።

«ወረቀቱ ይንሸራተትብኛል» ትላለች፣ አሁንም ወለሉ ላይ ሆና።

በሩ በእርግጫ ይከፈታል። ኤጄታ ዱላ ይዟል፤ ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የድንች ማሳ ጭቃ ነው።

«ለንሳ! ኮቱ፣ ነይ! ተነሺ፣ ወደ ቤት!»

«ጥናት ላይ ነን» እላለሁ።

«ጥናት!» ወለሉ ላይ ይተፋል። «አምና እዚሁ አቁመሽ፣ ራስህ ድንች ነው እያልሽ እጄን ስትተለትይው ጥናት ነበር? ይኸው ድንች እለቅማለሁ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እኔ ጆንያ ልሸከም?»

አምና «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። የሰበረው እጅ የምትጽፍበት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ከማን እንደተማረው መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ፀጉሯን ይይዛል። መሃላቸው እገባለሁ። ዱላው ክርኔ ላይ ሲያርፍ ሕመሙ ጥርሴ ድረስ ይዘልቃል። በጎማው ፊቱን እመታዋለሁ፤ እደግመዋለሁ፤ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ አላቆምም። ጉዩና አጠገቡ የሚቀመጠው ቶኩማ ከኋላ አንቀው ይጎትቱታል። ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ይላተማል። ወደ ውጭ ወርውረውት በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይደግፋሉ፤ በጀርባቸውም ይገፉታል።

«አለመውጣት አለ?» ይላል ከደጅ። «እጠብቃለሁ!»

ድንጋይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይመታል። ቀጥሎ ሌላ።

ልጆቹ ያዩኛል። ጎማው ላይ ደም አለ።

«ወደ ወረቀታችሁ» እላለሁ። «ጥያቄ አሥራ አራት።»

«ቲቸር፣ እሷ እኮ…» ይላል ጉዩ።

«አሥራ ሁለት ቀን ነው ያላት።»

ለንሳ ወንበሩን ተደግፋ ትነሳና ትቀመጣለች። እርሳሱን በግራዋ ትይዛለች። ስታጠቁር ወረቀቱ ይሸሻል። በመዳፌ እይዝላታለሁ። ትክክለኛው ክብ ይሞላል።

እጄን አነሳለሁ። ፈተናው ላይ የሚይዝላት የለም።

«አሥራ አምስት።»

እርሳሱን ስታሳርፍ ወረቀቱ እንደገና ይሸሻል። ቀና ብላ ታየኛለች። አልንቀሳቀስም። ጣሪያው ላይ ሌላ ድንጋይ ይወድቃል።

ቀስ ብላ ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ ታነሳለች፤ ስንጥሩን፣ ያበጡትን ጣቶች፣ የእኔን ጎማ ሰንበር። ወረቀቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ትጫነዋለች። ከንፈሯ ይነጣል፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

ወረቀቱ አይንቀሳቀስም።