ወራጅ አለ

«ወይ ጉድ! መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል እኮ!» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ የመጀመሪያውን ጥምዝ ከጨረሱ በኋላ።

ሐመልማል አጠገባቸው ተቀምጣ ሳቀች። አባቷ ዛሬ ደህና ውለዋል። እንጦጦ ራጉኤል ተሳልመው ሲወጡ፣ «ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው እንደ ዕቃ ተጭኜ ልውረድ? እስኪ አንዴ ልንዳት» ብለው ሲለማመጧት እንቢ ለማለት አንጀቷ አልችል አለ። ሐኪሙ መርሳቱ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯታል። ግን የሚረሱት የሰው ስም ነው፣ የጾም ቀን ነው፤ መንዳት መቼ ረሱ? አለች ለራሷ።

አነዳዳቸውም ያምራል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዘው፣ ፍሬን ሳያበዙ፣ ትንሿን ቀይ ቪትዝ በባሕር ዛፎቹ መሐል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደ ውሃ ያወርዷታል። ወንበሩን በጀርባቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«አይጎረብጥም። መልኳ ግን የእንቁራሪት ነው።»

«አባዬ! መኪናዬን አትስደብብኝ።»

«ምን ስድብ አለው? የእንቁራሪት ዐይን ያምራል።»

ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ደረሱ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ዳር ዳሩን ይወርዳሉ፤ መኪናዋ ወደ እነሱ ተጠጋች። ሐመልማል እጇን ወደ መሪው ስትሰድ እሳቸው ራሳቸው መልሰው አቀኗት። ከዚያ ዞር ብለው አዩዋት። ትሁት ዐይን ነው፤ የሚያውቃት ግን አይደለም።

«እህቴ፣ እርስዎ የት ነው የሚወርዱት?»

የቀለዱ መሰላት። «አባዬ?»

«ፈረንሳይ ሳንደርስ ከሆነ ቀደም ብለው ይንገሩኝ። ቁልቁለት ላይ ድንገት አልቆምም።»

መኪናዋ ፈጠነች። ሐመልማል መሪውን ብትነጥቃቸው ከታች ገደል ነው። ብትጮህ ይደነግጣሉ። ልጅህ ነኝ ብትልስ፣ ማን ብለው ያምኗታል? ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲታዘዙት የኖሩትን ቃል እንደ ማንኛዋም ተሳፋሪ ተናገረች።

«ወራጅ አለ።»

ፍሬቻ አበሩ። በመስታወት ኋላቸውን ቃኙ። ቀስ ብለው ዳር ያዙና አቆሙላት።

የእጅ ፍሬኑን ሳበች። «ሞተሩ ትንሽ ይረፍ፣ ሾፌር» ብላ ቁልፉን ነቀለች።

«ይረፍ» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

ወረደች። ወደ እሳቸው በር ለመሄድ በመኪናዋ ፊት ለፊት ዞረች። ቁልፉን አጥብቃ ከመጨበጧ የተነሳ መዳፏን ወጋት።

አባቷ በፊት ለፊቱ መስታወት አዩዋት። ሞተሩ ጠፍቷል፤ እሳቸው ግን መሪውን እንደ ያዙ ናቸው። መንገድ እንደምታቋርጥ እግረኛ ቆጥረዋት፣ አንድ እጃቸውን አነሡና ፈገግ አሉላት።

«ይለፉ።»