የመርፌው ዋጋ

ቁርጥማት ያሰራቸው ጣቶቿ ያለ ሕመም ሲታጠፉላት ልብስ ሰፊዋ ሕልም መሰላት። ሐኪሙ መርፌውን ከወጋት ወዲህ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎድሎላት ነበር። የጠዋቱ ብርሃን ጭኗ ላይ በተዘረጋው ነጭ ሐር ላይ ተኝቷል፤ እጇም ውሃ ላይ እንደተለቀቀ ቅጠል በዝግታ ተንሳፈፈበት። ክሩን በስፌት መርፌዋ ቀዳዳ አሾለከችውና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ልጇ ከስፌት መኪናው ማዶ ሆና ታያት ነበር። «እማዬ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልበልሽ» አለቻት። «ሰፍተሽ የምታገኚው ሁሉ ለሐኪሙ መርፌ ነው የሚሄደው። ታዲያ ለአንቺ ምን ተረፈሽ?»

«እጄ ተረፈኝ» አለች እናትየው።

እናትየው ሐሩን ወደ ጎን አድርጋ ወደ ልጇ ተጠጋችና ግንባሯ ላይ የወደቀውን ፀጉር ሰብስባ ከጆሮዋ ኋላ አደረገችላት። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ነክታት አታውቅም ነበር። ልጅቷ ጉንጯን የእናቷ መዳፍ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«የሚቀጥለው የመርፌ ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አለቻት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»